አሥራ አንዱን ሕልም ብቻቸውን ያዩት ሠዓሊ ኢዶሳ ዱጉማ

ሠዓሊ ኢዶሳ ዱጉማ ከአባታቸው ከአቶ ዱጉማ ጉሉማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽቶ ረጋሳ፣ በባሌ ክፍለ ሀገር ከጎባ ከተማ በላይ በፈረስ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገብስ አገር፣ ጥቅምት 16 ቀን 1922 ዓ.ም. ተወለዱ። በዚያ ዕለት የዶሮ እንቁላል የሚያክል በረዶ ወርዶ የአካባቢውን ገብስ ከአፈር ደባልቆታል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ “ሽምብራ ቢያክል ነው፤ እሱም የወረደው በማግሥቱ ነው” ይሉ ነበር። ሆኖም ምጥ ላይ ያለ ሰው በረዶ ለመለካት ስለማይመቸው እኛ በእንቁላሉ ጸንተናል።

ይህን የጻፍኩት የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ፍስሐ ተክለማርያም ነኝ። ቤተሰቡ እኔን የመረጠው በጎባና በሮቤ መካከል ከእኔ የተሻለ ጸሐፊ ስለሌለ ነው። እህቴ ወይዘሮ ማናልበሽ ግን በዚህ ኀዘናቸው እንኳ ከጎኔ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቁጥር ሲያስቀንሱኝ ስለዋሉ፣ እዚህ የተረፈው ቁጥር ሁሉ ተመርምሮ ያለፈ መሆኑን አድማጭ ይወቅልኝ።

ሠዓሊ ኢዶሳ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጎባ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። በ1936 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመታቸው ከአዋሽ ወዲህ ተወዳዳሪ ያልነበራቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሆኑት የወላጅ አባታችን የመሪጌታ ተክለማርያም ደቀ መዝሙር ሆኑ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ቀለም ከመፍጨትና ሸራ ላይ ሙጫ ከመቀባት በቀር ብሩሽ አልተሰጣቸውም። በአራተኛው ዓመት አባታችን የሙያውን ዋና ሕግ አስተማሯቸው። ደግ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሣላል። የቀድሞ ሠዓሊዎች ሁሉ የሠሩት እንዲህ ነው። ሠዓሊ ኢዶሳም ይህን ሕግ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጣሱም፤ ዋጋ ያስከፈላቸውም እሱው ነው።

ከአባታችን ያልተማሩት፣ ከራሳቸው ያመጡት ግን አንድ ነገር ነበር። ሠዓሊ ኢዶሳ የሚሥሉት በጆሯቸው ነው። አንድ ታሪክ ይሣሉ ሲባሉ ብሩሽ አያነሡም፤ ሰው ፈልገው ያስተርካሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ያስተርካሉ። ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ይይዙና ከዚያ ይጀምራሉ። “ሰው የሚዋሽበት ቦታ ላይ ነው ሥዕሉ ያለው” ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ወደ እኔ የሚያዩት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በ1946 ዓ.ም. በጎባ አንድ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እንዲሥሉ ታዘዙ። ወዲያው ወደ ላይኛው አገር ወጥተው ገበሬውን “ዘንዶ ምን ይመስላል?” እያሉ ይጠይቁ ጀመር። አንዱም ዘንዶ አይቶ አያውቅም። እህላቸውን የበላባቸውን ሲጠየቁ ግን ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ። ሥዕሉ ሲገለጥ ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጠው የሚወጉት ሆዱ ጥቁር ደመና፣ ጥርሱ በረዶ የሆነ አውሬ ነበር፤ ከሥሩ የተኛው ገብስ በፍርሃት ራሱን ደፍቷል። አለቃው “ይህ ደመና ነው እንጂ ዘንዶ ነው ወይ?” ብለው ተቆጡ። ከበስተኋላ ቆመው ያስቀድሱ የነበሩ አንድ ገበሬ “አባቴ፣ እኛ የምናውቀው ዘንዶ ይህ ነው” ሲሉ ነገሩ ጸና። በዚያ ዓመት በረዶ አልጣለም። እህቴ “ጥሏል” ይላሉ፤ ቢሆንም እንደቀድሞው አልነበረም።

ሠዓሊ ኢዶሳ በ1948 ዓ.ም. የመምህራቸውን ልጅ ወይዘሮ ማናልበሽ ተክለማርያምን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በ1952 ዓ.ም. ኑሯቸውን ወደ ሮቤ አዛውረው የሱቅ ማስታወቂያና የጋሪ ሥዕል ይሠሩ ጀመር። ያን ጊዜ በሮቤ እሳቸው ያልቀቡት ጋሪ አልነበረም። አንድ ባለ ጋሪ “አንበሳ ይሣልልኝ” ብሎ ቢመጣ፣ ፈረሱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ “ይህ ፈረስ አንበሳ ከኋላው ከሣልኩበት እስከ ጊኒር ቆሞ አያርፍም” ብለው፣ በጋሪው ጀርባ ፈረሱ የሚያልመውን ሣሉለት፦ ባለቤቱ ጋሪውን ሲጎትት ፈረሱ ተቀምጦ ገብስ ሲበላ። ባለ ጋሪው አንድ ሳምንት አኩርፎ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሰው ሁሉ ጋሪውን እየመረጠ ሲሳፈርለት ታረቀ። ቀለም ያቀርቡላቸው የነበሩት የሮቤው ነጋዴ አቶ ከማለዲን “ኢዶሳ ጋር የሚሄድ ሰው አንድም ተስቆበት፣ አንድም ሐቁን ተነግሮት ነው የሚመለሰው፤ ወላሂ ሁለቱም አንድ ናቸው” ይሉ ነበር። እኚህ ሰው እስከ መጨረሻው ያልተለዩ ወዳጅ ናቸው።

አብዮቱ ሲመጣ ሠዓሊ ኢዶሳ የሙያ ሰው በመሆናቸው ለበዓላት ይጠሩ ነበር። በ1968 ዓ.ም. “ንቃት” የሚባለውን ነገር በሥዕል እንዲያሳዩ ታዘዙ። ሌሎች ሠዓሊዎች ፀሐይ ሲሥሉ፣ ችቦ ሲሥሉ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሰው ይጠይቁ ጀመር፦ “የነቃህ ዕለት መጀመሪያ ምን ተሰማህ?” የሰሙት መልስ ሁሉ ስለሚያሳክክ ነገር ሆነባቸው። ስለዚህ ደጁ ላይ ተቀምጦ በመርፌ ከእግሩ ጣት ሙጃሌ የሚያወጣ ሰው ሣሉ፤ ፊቱ ላይ ሕመምም ደስታም ነበረበት። ጓዶቹ ተያዩ፣ ሳቁ፣ ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ከሮቤ እስከ ሞቃዲሾ ተሰማ ብዬ ጽፌ ነበር፤ እህቴ “እስከ ጎባ” ብለው አርመውታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ1971 ዓ.ም. የባሌ ገበሬ ከየቤቱ ተነሥቶ ወደ አዲስ መንደር እንዲገባ መደረጉን እዚህ ለተሰበሰበው ሰው አልነግርም፤ የቤቱን ምሰሶ በገዛ ትከሻው የተሸከመ ሰው በመካከላችን አለ። ከሮቤ ወዲያ የሀሮ ጨፌ መንደርም በገመድ ተለክታ፣ ቤቱ ከቤቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተሰልፎ ተሠራች። በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ ለሚቀጥለው የአብዮት በዓል በመንደሯ መሰብሰቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ “የአዲሱ መንደር ሕይወት” የሚል ሥዕል እንዲሥሉ ትእዛዝ መጣላቸው። ያዘዘው የአካባቢው ካድሬ ጓድ አያና ነበር። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት ስላልሞላው፣ አንቱ ማለቱን ትቼዋለሁ።

ሠዓሊ ኢዶሳ ሀሮ ጨፌ ሄደው ሦስት ሳምንት ምንም ሳይሥሉ ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ውኃው ዳር ሆነው የሚመጣውን ሁሉ “አካም ቡልተን?” ብለው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁና፣ አስከትለው “አብጁ ማል አርግተን?” ይላሉ፤ ምን ሕልም አያችሁ ማለት ነው። ሰው መጀመሪያ ፈራ፤ በኋላ ለመደ። ስለ መንደሩ ቢጠየቅ “ደህና ነው፣ ጥሩ ነው” የሚል ሰው፣ ስለ ሕልሙ ሲጠየቅ ግን እንዲዋሽ ማንም ስላላስጠነቀቀው እውነቱን ይናገራል። አሥራ አንድ ሰዎች ሕልማቸውን ነገሯቸው። ስማቸውን እሳቸው እስከ ሞት አልተናገሩም። እኔ አሥራ አንዱንም አውቃቸዋለሁ፤ እህቴ “ሦስቱን” ይላሉ፤ ቢሆንም እኔም አልናገርም።

ሥዕሉን ያላያችሁ እንድታዩት ልሞክር። አሥራ አንድ ቤት በአንድ መስመር ተሰልፏል። ጣራቸው እንደ ድስት ክዳን ተነሥቶ ውስጣቸው ይታያል። በየቤቱ አንድ ሰው ተኝቷል፤ የተኛው ሰው ግን በሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት በላይ ያ ሰው ያየው ሕልም ቆሟል። አንድ ሽማግሌ በድሮ ደጃቸው የተውት የኮሶ ዛፍ በሥሩ እየተራመደ መጥቶ በአዲሱ በር አልገባ ብሎት ጎንበስ ብሎ ያያቸዋል። አንዲት ሙሽራ አምስት ባል በአምስት በር ሲገባ ታያለች፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የራሷ የትኛው እንደሆነ አልለየችም። አንገቱ ከሚባለው ጫካ ቀፎ ያወርድ የነበረ ሰው ንቦቹ ተከትለውት መጥተው ቤት ለቤት እያንኳኩ ሲያጠያይቁ ያያል። አንዱ ደግሞ በየምሽቱ ወደ ድሮ ቀዬዋ እያመለጠች የምታስቸግረው ላም በተራዋ እሱን አስራ ስታልበው ያያል። አንዲት እናት ደግሞ ድሮ ቤታቸው ጓሮ የቀበሩት ጨቅላ ብቻውን ተቀምጦ አፈር ሲጫወት፣ ቀና ብሎም “ሁሉ ሰው የት ሄደ?” ሲል ያያሉ። የቀሩትን ስድስቱን ሥዕሉ ራሱ ይናገር። ከመስመሩ ጫፍ ደብተር ይዞ ቤት የሚቆጥር አንድ ሰው ቆሟል። እሱ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል። ያለው አንድ ዓይን ነው።

መስከረም 2 ቀን 1973 ዓ.ም. ባንዲራ ተውለብልቦ፣ ሥዕሉን የሸፈነው ጨርቅ ተነሣ። ጓድ አያና በሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። የሚያሳዝነው ነገር ጓድ አያና በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ባለ ደብተሩን ሰው ጫማና ኮት አይቶ ራሱን ለየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

“ጓድ ኢዶሳ፣ ሌላኛው ዓይኔ የት ሄደ?”

“በወዲያ በኩል ነው ጓድ። ቢዞሩ ይታያል።”

ይህን አጠገባቸው ቆሜ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼአለሁ። በመላው የባሌ ምድር በዚያ ዘመን ካድሬ ፊት እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሌላ ሰው ካለ እዚህ ይነሣና ይንገረኝ። እህቴ እዚህ ላይ እንኳ ምንም አላስቀነሱኝም።

ጓድ አያና ስለ ዓይኑ ለበላዮቹ ትንፍሽ አላለም። ቢል እሱኑ እንደሚያስቅበት ያውቃል። በሕልሞቹ ግን መጣባቸው። “ይህ የአድኃሪ ቅስቀሳ ነው። እነዚህን ሕልሞች ያዩትን ሰዎች ስም ጻፍልኝ” አላቸው። ስም ከተጻፈ በኋላ የሚሆነውን በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃል። ሠዓሊ ኢዶሳ ወረቀቱን ተቀብለው አንድ ስም ጻፉ፤ የራሳቸውን።

“አሥራ አንዱንም አንተ ነህ ያለምከው?”

“አዎ።”

“በስንት ሌሊት?”

“በአንድ። እንቅልፍ ይከብደኛል።”

መስከረም 4 ቀን ወደ ጎባ ተወስደው ታሰሩ። ሦስት ቀን በሦስት የተለያዩ መርማሪዎች ፊት አሥራ አንዱንም ሕልም እንዲናገሩ ተደረገ፤ ሐሰት ከሆነ ይምታታባቸዋል ተብሎ ነው። አልተምታታባቸውም። የላሟን ቀንድ፣ የኮሶውን ቅርፊት፣ ጨቅላው የያዘውን አፈር ሳይቀር ሦስቴ አንድ ዓይነት ተናገሩ። ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ሠዓሊ እንዴት ይሳሳታል? ከመርማሪዎቹ አንዱ የሙሽራይቱ ሕልም ላይ ሲደርሱ ሳቁ አምልጦት ወደ ውጭ ወጣ ይባላል። በሀሮ ጨፌ ደግሞ ገበሬው አንድ በአንድ እየተጠራ በግድግዳው ፊት ቆሞ “ይህ ያንተ ሕልም አይደለም?” ተባለ። ሁሉም ተማክረው ሳይሆን በየራሳቸው አንድ ቃል መለሱ፦ “እኛ ሕልም አናይም ጓድ። ደክሞን ነው የምንተኛው።”

አንድ ነገር ይጻፍ ብለው እህቴ አዘዋል፦ ጓድ አያና አንድም ቀን እጁን አላነሣባቸውም። ጽፌአለሁ።

ከዚህ በላይ ያለውን በሳቅ ጻፍኩት፤ ሠዓሊ ኢዶሳም ሲያወሩት እየሳቁ ነበር። የሚቀጥለውን ግን አያወሩትም ነበር። ግንቦት 11 ቀን 1973 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ ሽቶ ረጋሳ አረፉ። ጠዋት መርዶው ወደ እስር ቤት ደረሰ። ጓድ አያና ራሱ መጥቶ “አሥራ አንዱን አልጠይቅህም። አንድ ስም ብቻ ስጠኝ፤ አሁኑኑ መኪና አቀርብልሃለሁ፤ እናትህን ቅበር” አላቸው። ሠዓሊ ኢዶሳ ጊዜ ጠየቁ። አንድ ልጅ ናቸው፤ እናታቸውን የሚቀብር ሌላ ልጅ የለም። እስከ ቀትር አንድ ግድግዳ ጥግ ተቀመጡ። አብሯቸው ታስሮ የነበረ ሰው ለእህቴ እንደነገራቸው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር፤ ስም እየመረጡ መስሎት ፈርቶ ነበር። በቀትር ተነሥተው በሩን መቱና “እናቴን አፈር አይከለክሏትም። ስም የለኝም” አሉ።

ወይዘሮ ሽቶ ያለ ልጅ አልተቀበሩም። በዚያ ቀን ቃሬዛውን ከላይኛው አገር ድረስ በጭቃ የተሸከሙት ሰዎች ከየት እንደመጡ አይተናል። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩበት። ከመንደራቸው ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል በሆነበት ጊዜ ነው የወጡት። ብዛታቸው ሁለት ሺህ ይሆናል። እህቴ “ሃያ ቢሞሉ ነው” ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ አንዱን ቁጥር ባልቀንስ ማንም አይፈርድብኝም።

ሠዓሊ ኢዶሳ በታሰሩ በአሥራ ስድስተኛው ወር፣ ጥር 1974 ዓ.ም. ከእስር ወጡ። ሥዕሉን በኖራ እንዲያጠፉት ቢጠየቁ “እኔ መሣል ነው የተማርኩት፤ ማጥፋት ያስተማረኝ የለም” አሉ። ሌላ ሠዓሊ ተፈለገ። አንዱ ታምሜአለሁ አለ፣ አንዱ ወደ ዶዶላ ተሰደደ። በመጨረሻ አዳራሹ የስንዴ መጋዘን ተደረገና ግድግዳው በጆንያ ተሸፈነ። ሥዕሉ ስምንት ዓመት በስንዴ ጀርባ ተቀመጠ። ጓድ አያናም ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሄደ።

ከእስር መልስ በሮቤ ሁለተኛ የመንግሥት ሥራ አልተሰጣቸውም። የጋሪና የሱቅ ሥዕላቸውን ቀጠሉ፤ አቶ ከማለዲን ቀለም አልከለከሏቸውም። ሰው ግን ለሌላ ነገርም ይመጣ ጀመር። ሕልም ያስጨነቀው ሁሉ፣ የሞተ ዘመዱን ከባሕር ማዶ ቆሞ ያየ፣ ልጁ ወደ ግንባር የተወሰደበት፣ ቤታቸው እየመጣ ያወራላቸዋል። እሳቸውም ሳይፈቱ፣ ሳይተረጉሙ በእርሳስ ትንሽ ወረቀት ላይ ሥለው ይሰጡታል። “ፍቺውን ንገሩኝ” ሲባሉ “ሕልም ፈቺ አይደለሁም። አንተ ያየኸውን እኔም እንዳየሁት ነው የማሳይህ፤ ከዚያ በኋላ ብቻህን አይደለህም” ይሉ ነበር። ስንት የባሌ ቤት ውስጥ በቅዱስ መጽሐፍ ወይም በቁርኣን ገጾች መካከል ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀታቸው እንዳለ አንድ አምላክ ነው የሚያውቀው። እኔ አሥር ሺህ ብዬ ገምቼአለሁ፤ እህቴም “እሱስ አይታወቅም” ብለው አልፈውታል።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ የሀሮ ጨፌ ሰው ቤቱን እያፈረሰ፣ ምሰሶና ቆርቆሮውን እየጫነ ወደ የድሮ ቀዬው ተመለሰ። ያልፈረሰው አዳራሹ ብቻ ነው፤ አንድ ሚስማር የነቀለበት ሰው የለም። ሠዓሊ ኢዶሳ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም ይሠቃዩ ነበር፤ በጎባ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ለውጥ ስላልታየ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ግንቦት ላይ አቶ ከማለዲን ጋሪ ይዘው መጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሀሮ ጨፌ ወሰዷቸው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ጆንያው ተነሥቷል፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አይጥ ይሯሯጣል፣ ሥዕሉ ግን እንዳለ ነው። ሠዓሊ ኢዶሳ አንድ ሰዓት ያህል ካዩት በኋላ “ቢጫው ገርጥቷል” አሉ። እኔ ሌላ ታላቅ ንግግር እንዲናገሩ ጠብቄ ነበር።

ስንመለስ ግን ጋሪው ላይ እንዲህ አሉን፦ “አሥር ዓመት ሙሉ የሰው አደራ በስሜ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ጎባ ያለው መዝገብ የእኔ ነው ይላል። ሐሰት ነው፤ ሆን ብዬ የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ አልጸጸትበትም። አሁን ግን መሄዴ ነው። የሰው ሕልም ይዤ ልቀበር አልፈልግም፤ ባለቤቶቹን አጋልጬም መሄድ አልፈልግም። ፍስሐ፣ አንተ ስም እንዳትጠራ። አውቅሃለሁ።” ቃል ገባሁ። ምን እንደሚደረግ ግን አልነገሩንም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከዚያች ቀን በኋላ የሚያስጨንቃቸው ይኸው ብቻ ነበር። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው አሥራ አንዱን በተራ ይቆጥሩ ነበር፤ አንዱ እንዳይጠፋባቸው።

ሠዓሊ ኢዶሳ ዱጉማ ዓርብ ሰኔ 8 ቀን 1982 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ዛሬ ቅዳሜ ሰኔ 9 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በሮቤ ይፈጸማል።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማናልበሽ ተክለማርያም ሌላ፣ ሴት ልጆቻቸው ወይዘሮ ውዴ ኢዶሳና ወይዘሮ እታለማሁ ኢዶሳ፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ወንድ ልጃቸው ረጋሳ ኢዶሳ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ደብዳቤው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፏል። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የት ይጻፍ ብሎ ታይፒስቱ ጠየቀን። ከቀሩት ጋር ጻፈው ብለናል። የተለየ ነገር የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ካለ መጥቶ ይንገረን፤ እስከዚያ ድረስ ረጋሳ አለ።

አሁን ስለ አደራው። ትናንት ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ድንኳኑ ገና ተተክሎ ሳያልቅ፣ ከሀሮ ጨፌ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ገቡ። ስም አልጠራም፤ ቃል አለብኝ። አላለቀሱም። እህቴን አቅፈው “ኢዶሳ ልጄን ይዞብኝ እንዳይሄድ” አሏቸው። እህቴ መጀመሪያ አልገባቸውም። “አፈር የሚጫወተውን። በሥዕሉ ላይ ያለውን። የእኔ ነው። አሥር ዓመት ኢዶሳ ያዘልኝ፤ ጀርባው ተገረፈ፣ እናቱን ሳይቀብር ቀረ፣ አልጣለውም። አሁን እኔ ልውሰደው። የሕይወቱ ታሪክ ሲነበብ ተነሥቼ የእኔ ነው እላለሁ፤ የሚያስሩኝ ከሆነ አሮጊት ማሠር ያቅታቸው እንደሆነ አያለሁ።” እህቴ ወደ እኔ ዞረው “ጻፍ” አሉኝ። ጀርባቸው አልተገረፈም ነበር፤ እንዳልኩት እጅ አልተነሣባቸውም። ይህን ግን በዚያ ሰዓት ለማረም የደፈረ ሰው አልነበረም፤ እህቴም እንኳ።

ስለዚህ ቤተሰቡ ተመካክሮ እንዲህ ወስኗል። ማንም አይጠራም። ማንም አይለመንም። ከሀሮ ጨፌ የመጣችሁ፣ ወይም ከዚያ መንደር ወጥታችሁ ወደ ቀዬአችሁ የተመለሳችሁ፣ በዚህ ለቅሶ ላይ ካላችሁ፣ ሕልማችሁን ለመውሰድ ብትፈልጉ በያላችሁበት ተነሥታችሁ ቁሙ። መቆም ብቻ ይበቃል፤ መናገር አያስፈልግም። ያልቆመም ሰው ቢኖር ፈሪ የሚለው አይኖርም፤ እንዲህ የሚል ቢገኝ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። በዚህ ሕዝብ መካከል ደብተር ይዞ የመጣ ካለም ደብተሩን ይክፈት፤ ከደፈረ ይቁጠር፤ ከተሳሳተም እኔ በትክክሉ እነግረዋለሁ።

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ እዚህ ላይ ወረቀቱን ያውርድና ጥቂት ይጠብቅ።

ይህን ስጽፍ ስንት ሰው እንደሚቆም አላውቅም። በሕይወቴ የማላውቀውን ቁጥር ሳልጨምርበት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የቆማችሁ ሁሉ የራሳችሁን ተረከቡ፤ ሠዓሊ ኢዶሳ በደንብ ጠብቀውላችኋል፤ ቢጫው ብቻ ነው የገረጣው። የቀረ ካለ ደግሞ፣ አንድም ይሁን አሥራ አንድም፣ እስከ ዛሬ ባለቤቱ ኢዶሳ ዱጉማ ነበሩ፤ ከእንግዲህም ባለቤቱ እኛ ቤተሰቦቻቸው ነን። የሚጠይቅ ቢኖር ቤታችን ሮቤ ነው፤ በሩም አይዘጋም።

ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የኢዶሳን ነፍስ ስም ከማይጠየቅበት ቦታ አሳርፍ። ለቆሙትም ጉልበት፣ ለተቀመጡትም ሰላም ስጥ። ለእኛም ኀዘንተኞቹ፣ ዛሬ ቀና ብለን የምንቀብረውን ሰው ነገም ቀና ብለን እንድናስታውሰው አንገት ስጠን። አሜን።